የጥርስ ወረፋ

ያጋለጣት አረንጓዴው ጫማ ነው። ሃዋኒ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ የመድኃኒት መስኮቱ ፊት ቆማ የእናቷን የደም ግፊት ክኒን እየተቀበለች ሳለ ዓይኗ ወደ ማዶ ሄደ። ጥርስ ክፍሉ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች። ፊቷን ማስክ፣ ፀጉሯን ሻርፕ ሸፍኖታል። ጫማዋን ግን ምንም አልሸፈነውም።

ያንን አረንጓዴ ስኒከር ሃዋኒ ከባለቤቱ በላይ ታውቀዋለች። ስንት ጊዜ ለምና ተከልክላለች። አንድ ቀን ሳታስፈቅድ አድርጋው ትምህርት ቤት ሄዳ የግራውን ማሰሪያ በጥሳ መልሳዋለች፤ ማሰሪያው ይኸው እስከ ዛሬ በነጭ ክር እንደተቀጠለ ነው። ጃለኔ ናት፣ የአጎቷ ልጅ።

ጃለኔ ጎጆ ከምትባለው የገጠር ከተማ መጥታ እዚህ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አባቷ ኦቦ ፈዬራ «ዶርም የሚባል ነገር አላምንም» ብለው እህታቸው ካሰች ቤት ነው ያስቀመጧት። ካሰች የሃዋኒ እናት ናት። እናም ይኸው ዓመት ከመንፈቅ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ሃዋኒና የሁለተኛ ዓመቷ ተማሪ ጃለኔ አንድ ክፍል፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ መስታወት ይጋራሉ።

ሃዋኒ ልትጠራት አፏን ከፍታ ነበር። ጃለኔ ግን አንገቷን ደፍታ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ስትስብ አየቻት። ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጩን ይይዛል እንጂ ግንባሩን አይሸፍንም። ሃዋኒ አፏን ዘጋች፤ ክኒኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ በቆመው አምቡላንስ ጀርባ ዞራ ወጣች።

ማታ እራት ላይ ካሰች እንደ ልማዷ ጠየቀች። «ዛሬ ክላስ አልነበረሽም አይደል ጃለኔ? የት ዋልሽ?»

«ላይብረሪ ነበርኩ፣ አዳዳ» አለች ጃለኔ። የአባቷን እህት የምትጠራው እንደዚያ ነው። ይህን ብላ ከሣህኑ አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግና መቆርጠም ጀመረች። የጎጆ ገብስ ነው፤ ጤነኛ ጥርስ እንኳ ይፈትናል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሃዋኒ ከማዶ ሆና እያንዳንዷን ቀጭታ አዳመጠች። አንደኛ፣ ላይብረሪ አልነበረችም። ሁለተኛ፣ ጥርሷን አላመማትም። ታዲያ እዚያ ወንበር ላይ ምን ትሠራ ነበር?

መጠርጠር በዚያ ቤት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሙያ ነው። ካሰች የምትሠራው መሬት ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሰው «የአባቴ ነው» ብሎ ሲምል እያየች የምትውል ሴት ናት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የማትልበት ቀን የለም። ባሏ አያና ከሚሠራበት ከባኮ ሲመጣ እንኳ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደተነሣ ትጠይቀዋለች። ልጇም ከማን ትማር?

በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት ሃዋኒ ነገሩን ለዶርቃስ አነሣችላት። ዶርቃስ የክፍሏ ልጅ ናት፤ ታላቅ ወንድሟ ኢዮሲያስ ዩኒቨርሲቲ ስለሚማር የካምፓስ ወሬ ሁሉ እሷ ጋ አለ። ሃዋኒ ስም አልጠራችም። ለዶርቃስ ስም መንገር ለሚኒ ሚዲያው ከመስጠት አይለይም።

«አንዲት የማውቃት ልጅ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ጥርስ ክፍል ደጅ ተቀምጣ አየኋት። ጥርሷን ግን ምንም አላመማትም።»

ዶርቃስ ሳምቡሳዋን ከአፏ መለሰች። «የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት?»

«እ… አዎ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ረቡዕ!» ዶርቃስ በሳቅ ፈነዳች። «ፋራ፣ የጥርስ ሐኪሙ እኮ ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው የሚገባው! ረቡዕ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጥርስ ይኑረው አይኑረው ማንም አይጠይቀውም።»

ከዚያ እየጣፈጣት አስረዳቻት። ከጥርስ ክፍሉ አለፍ ብሎ «የወጣቶች አገልግሎት» የሚል ክፍል አለ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም በሩ ላይ ተጽፏል። ክፍሉ ደህና ነው፣ ነርሷም ደህና ናት አሉ። ጣጣው የዚያ ክፍል የራሱ ወንበር ነው። የተቀመጠው ልክ ከዋናው በር ፊት ለፊት ስለሆነ ከገበያ የሚመለሰውም፣ ልጅ የሚያስከትበውም፣ የሰፈር ሰው ሁሉ ያየዋል። እዚያ ከተቀመጡ አለቀ፤ ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። ስለዚህ የካምፓስ ልጆች ዘዴ አበጁ። የጥርስ ወረፋ ይይዛሉ። ነርሷ ብቅ ትልና «የጥርስ?» ብላ ትጠይቃለች፤ አዎ ያለውን በኮሪደሩ አድርጋ በጓሮ በር ታስገባለች።

«ምንድነው እዚያ ውስጥ የሚሰጡት?»

«ሁሉ ነገር። ፒልስ፣ መርፌ፣ ምክር፣ ምርመራ…»

«የምን ምርመራ?»

«የእርግዝና ነዋ! ሙድ ልትይዢብኝ ነው?» ዶርቃስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ማናት ግን? ንገሪኝ፣ ለማንም አልናገርም።»

ዶርቃስ ለማንም የማትናገረው ነገር ምሳ ሳይደርስ ግማሹ ክፍል ይሰማዋል። «አታውቂያትም» አለች ሃዋኒ። ደወሉ ሲደወልም ፈጥና ወደ ክፍል ገባች።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጃለኔ በገዛ ክፍሏ ተከሳሽ ሆነች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጃለኔ በሆዷ ተኝታ ነበር፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታቅፋ። ይህ ምልክት ነው። ጠዋት ቁርስ አልበላችም ነበር። ይህም ምልክት ነው። ስልኳ ሲጮህ አይታው ገለበጠችው። የተጠረጠረ ሰው ቢያስነጥስም ምልክት ነው፤ ሃዋኒ ሁሉንም አንድ በአንድ ሰበሰበች።

እውነቱን ለመናገር፣ ከመሰብሰቡ ጋር ደስታም ነበር። ካሰች ስታስነሣት «ጃለኔ እኮ ተነሥታለች» ትላለች። ካርድ ስታይ «ጃለኔ በአንቺ ዕድሜ» ትላለች። ያቺ እንከን የሌላት ጃለኔ አንድ እንከን ቢኖራት ምን አለበት? ሃዋኒ ይህን አስባ ወዲያው አፈረች። ማፈሯ ግን ከመጠርጠር አላስቆማትም።

በዚያው ሐሙስ ምሽት ካሰች ወጥ ቤት ጠራቻት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ድምፅዋ ግን አያለቅስም።

«ያቺ ልጅ ምን ሆናለች?»

«ማን?»

«እንዳትቀልጂብኝ። ምግብ ትተዋለች፣ ፊቷ ጠቁሯል። አንድ ክፍል ነው የምትተኙት።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ቅዳሜ ወንድሜ ይመጣል። አደራ ነው የተቀበልኩት ሃዋኒ። እኔ ቤት ሆና አንድ ነገር ብትሆን ምን ብዬ አየዋለሁ?»

ኦቦ ፈዬራ ምን እንደሚያደርጉ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ልጃቸውን ባመጡበት ቀን «አንዲት ወሬ ከሰማሁ በመጣችበት አይሱዙ ትመለሳለች» ብለዋል። ለማስፈራራት ያህል አልነበረም። የጃለኔን ታላቅ እህት ከአሥረኛ ክፍል ያስወጧት በአንዲት ወሬ ነው። ወሬው ውሸት መሆኑ የታወቀው ሠርጓ ካለፈ በኋላ ነበር። እሷ አሁን ጎጆ ውስጥ ሁለተኛ ልጇን አዝላ ድንች ትኮተኩታለች።

ሃዋኒ ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰውን ዋጠችው። «እኔ እንጃ።»

«እንጃ ነው ወይስ አልናገርም?»

«አጣርቼ እነግርሻለሁ» አለች። እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ማጣራት የምትወደው ቃል ነው።

ዓርብ ከሰዓት ጃለኔ ቦርሳዋን አንጠልጥላ «ላይብረሪ ነኝ» ብላ ወጣች። ሃዋኒ ዩኒፎርሟን ቀየረችና በባጃጅ ቀድማ ጤና ጣቢያው ደረሰች። ግቢው ውስጥ አረንጓዴ ጫማ የለም። መጠበቅ አለባት፤ የሚጠበቀው ደግሞ የት ነው? ከዋናው በር የሚገባውን ሁሉ ከጎን ለማየት የጥርስ ክፍሉን ወንበር የሚያህል ቦታ አልነበረም። ተቀመጠች። ፀሐይ ስለነበር ሻርፗንም ወደ ግንባሯ ሳበችው።

ጃለኔ አልመጣችም። በኮሪደሩ በኩል ግን ነጭ ጋውን የለበሰች፣ አጠር ያለች ሴት ብቅ አለች።

«የጥርስ?»

ሃዋኒ ዞራ አየች። ወንበሩ ላይ ከእሷ በቀር ማንም የለም። «አይ» ማለት ቀላል ነበር። «ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?» ብትባል ግን መልስ የላትም።

«አ… አዎ።»

«ነይ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ መጋረጃ፣ ሚዛን፣ መስኮቱ ላይ በቆርቆሮ የተተከለ አበባ። ሴትዮዋ በሩን ዘግታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ሲስተር ማኅሌት እባላለሁ። አንቺ ስምሽን መናገር ካልፈለግሽ ይቅር።»

«እኔ እንኳ ለራሴ አይደለም የመጣሁት።»

«ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። ምንም አይደል።»

«እውነቴን ነው!» ሃዋኒ ፊቷ ጋለ። «እህቴ ረቡዕ መጥታ ነበር። አረንጓዴ ጫማ ያደረገች። ምን ሆና እንደሆነ ልጠይቅ ነው። ቤተሰብ ነን።»

ሲስተር ማኅሌት ፈገግታዋ አልጠፋም፤ እስክሪብቶዋን ግን አስቀመጠች። «ረቡዕ ብዙ ሰው መጥቷል። ማንም ግን አልመጣም።»

«አልገባኝም።»

«ነገ እናትሽ እዚህ ወንበርሽ ላይ ተቀምጣ ‹ልጄ መጥታ ነበር ወይ› ብትለኝ፣ ለእሷም የምመልሰው ይህንኑ ነው። ቤተሰብ ነን ብትልም።»

ለሃዋኒ እናቷ እዚያ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ ታየቻት። ካሰች ሦስት ተከራካሪ የምታፋጥጥበትን ዓይን ይዛ ትጠይቃለች፤ ይህች አጭር ሴት ደግሞ «ማንም አልመጣም» ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ መልስ ደስ አላት።

«አሁን እዚህ ያለሽው አንቺ ነሽ» አለች ሲስተር ማኅሌት። «ለራስሽ የምትጠይቂው ነገር አለ?»

የለም ልትል ነበር። በምትኩ ከአፏ የወጣው ለወራት ስትሸከመው የከረመችው ነገር ሆነ። የወር አበባዋ አምና ነው የጀመራት። ትንሽ መጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ስልኳ ላይ ስትፈልግ አንዱ ካንሰር ይላል፣ ሌላው መካንነት ይላል። ለእናቷ እንዳትናገር፣ በዚያ ቤት «የወር አበባዬ ቀረ» ማለት እጅ ወደ ላይ አድርጎ ፖሊስ ጣቢያ መግባት ነው። ይህን ሁሉ እየተንተባተበች ነገረቻት፤ መጨረሻ ላይ እንባዋ መጣ፣ ለምን እንደመጣም አልገባትም።

ሲስተር ማኅሌት አልደነገጠችም። ጠየቀቻት፤ አንዳንዱ ጥያቄ የሚያሳፍር ነበር፤ አጠያየቁ ግን ስለ ጉንፋን የሚጠይቅ ሰው አጠያየቅ ነው። ሚዛን ላይ አወጣቻት፣ የዓይኗን ውስጥ አየች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጣ ገባ ማለቱ ብዙ ልጆች ላይ እንደሚታይ ነገረቻት። «ግን ረዘም ብሎብሻል፤ በሚቀጥለው ወርም ካላየሽ ተመልሰሽ ነይ፣ ምርመራ እናደርጋለን። ካንሰሩን ለስልክሽ ተዪለት።»

ሃዋኒ ሳቀች። ስትወጣ ከደረቷ ላይ አንድ ኩንታል የወረደላት መሰላት። ለምን እንደመጣች ረስታ፣ በጓሮው በር መውጣት ሲገባት በፊት ለፊቱ ወጣች።

ያን ጊዜ ነው ከእትዬ አስያ ጋር ዓይን ለዓይን የተጋጠመችው። እትዬ አስያ የሰፈራቸው ባለ ሱቅ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ሊያስከትቡ አዝለው መጥተዋል። መጀመሪያ ሃዋኒን አዩ፣ ከዚያ ከኋላዋ በሩ ላይ የተጻፈውን።

«ውይ ሃዋኒዬ! ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው፣ እትዬ አስያ።»

«ዓርብ?» አሉ እትዬ አስያ። 

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሃዋኒ ግን ወደ ቤት ስትሄድ ስለ ራሷ የሚባለው ሁሉ ተሰማት፤ ገና ሳይባል።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አስያ መጡና ከካሰች ጋር በር ላይ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ካሰች ስትመለስ ልጇን አላየቻትም። አላየቻትም ማለት፣ እንደ ሌላ ቀን ቀና ብላ አላየቻትም። ሃዋኒ ያንን አስተያየት አወቀችው፤ ሰሞኑን እሷ ጃለኔን ስታይበት የነበረው ነው። ከውስጥ ሆኖ ሲቀበሉት ይከብዳል።

ኦቦ ፈዬራ ከምሳ በፊት ደረሱ። የጫኑበትን አይሱዙ በሩ ላይ አቁመው፣ ሁለት ጆንያ ድንችና አንድ ፌስታል ቆሎ አስወረዱ። «አካም ጅርቱ!» ብለው ሲገቡ ቤቱ ሞላ፤ ሰውየው ትልቅ ናቸው፣ ድምፃቸውም ከእሳቸው ይበልጣል። ጃለኔን ግንባሯን ሳሟት። «ከስተሻል» አሉ። ጃለኔ «ፈተና ነው፣ አባ» አለች።

ካሰች ሃዋኒን በክንዷ ይዛ ጓዳ አስገባቻት።

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«ማዬ…»

«አስያ አይታሻለች። ከዚያ ክፍል ስትወጪ።» ካሰች የምታወራው በጥርሶቿ መሃል ነው፣ ሳሎን እንዳይሰማ። የልጇን ክንድ አልለቀቀችም። «አሥራ አምስት ዓመትሽ ነው! ምን ሆነሽ ነው? ንገሪኝ፣ አሁኑኑ ንገሪኝ!»

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ጃለኔ ናት፤ ባዶ ትሪ ይዛለች። «ከዚያ ክፍል» የሚለውን ሰምታዋለች። ቆመች። ትሪውን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ አድርጋ ሃዋኒን ብቻ ትመለከታለች።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። «ጃለኔን እየተከታተልኩ ነው የሄድኩት።» እውነት ነው፣ ውሸት የለበትም። ይህን ብትል ሃዋኒ በአፍታ ነጻ ትሆናለች፤ እናቷ ታቅፋት ይሆናል፤ አይሱዙው ግን በሩ ላይ ቆሟል፣ ጀርባው ባዶ ነው፣ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ለመጫን ጊዜ አይፈጅም።

«ምንድነው ሹክሹክታው? ካሰች!» አሉ ኦቦ ፈዬራ ከሳሎን።

ሃዋኒ ጉንጯን ያዘች። በዚህኛው ጊዜ ጉንጯን ነው የያዘችው። «ጥርሴን ነው ያመመኝ፣ ማዬ። ሐኪሙ የለም ሲሉኝ ነርሷን ማስታገሻ ጠየቅኋት። ሌላ ምንም የለም።»

ካሰች መሬት ጽሕፈት ቤት ሃያ ዓመት የተቀመጠችው እንዲህ ያለውን ለማመን አልነበረም። ከጓዳው ወጣች። ሁሉም ሳሎን ሲሰበሰብ ቆሎውን በሣህን አድርጋ አምጥታ ልክ ሃዋኒ ፊት አስቀመጠችው።

«አጎትሽ ያመጣልሽን አትቀምሺም?»

ሃዋኒ ቆሎ ትወዳለች። ሽታው ራሱ ምራቅ ያመጣል። «አልችልም» አለች። «ጥርሴ።»

«ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉ ኦቦ ፈዬራ ወደ ፊት ዘንበል ብለው። «ምን ሆነሽብኝ ነው? የቱ ነው? እስቲ አሳዪኝ። እኛ አገር እንደሆነ በክር አስረን ከበር ጋር ነው የምናላቅቀው!»

ሃዋኒ አፏን ከፍታ ከኋላ ያለ አንድ መንጋጋ ጠቆመች። ነጭ፣ ጤነኛ፣ በሕይወቱ ምንም ያላጠፋ ጥርስ ነው።

«ሰኞ ሐኪሙ ይገባል» አለች ካሰች፣ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል። «ሄደሽ ይነቀላል። እሺ?»

ለማፈግፈግ የተተወላት በር መሆኑ ገብቷታል። አሁን «አይ፣ ደህና ነው፣ ተሽሎኛል» ካለች ሁሉም ነገር ይናዳል። ጥርሷን በምላሷ ነካችው። አሳዘናት።

«እሺ» አለች።

የጃለኔ እጅ ቆሎው ላይ እንደቆመ ነበር። የዘገነችውን መልሳ ሣህኑ ውስጥ አፈሰሰችው። «እኔ እወስዳታለሁ፣ አዳዳ» አለች።  «ሰኞ ከሰዓት ክላስ የለኝም።»

ካሰች አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። አንድ ነገር እንደጎደላት ገብቷታል፤ ወንድሟ ግን አጠገቧ ተቀምጧል፤ እሱ ፊት የማይጠየቅ ጥያቄ አለ። «እንግዲያው ሂዱ» አለች በመጨረሻ።

አይሱዙው ከሰዓት በኋላ ተነሣ። ሃዋኒ በሩ ላይ ቆማ ባዶ ጀርባው እየተንገጫገጨ መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር አየችው። ከኋላዋ እናቷ እጇን ዘረጋች። «ስልክሽን» አለች። ሃዋኒ ሰጠቻት። ነገሩ በዚህ እንዳላለቀ፣ ወራት እንደሚፈጅም አወቀች። አለቀሰች፤ ግን የተናገረችውን ልትመልስ አላሰበችም።

ሰኞ ከሰዓት ሁለቱ በሁሉቃ ድልድይ በኩል ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ግማሹን መንገድ ጃለኔ ከፊት ከፊት ሄደች።

«እኔን ልትከታተዪ ነበር የሄድሽው አይደል?» አለች ጃለኔ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ለዶርቃስ ስላንድ ልጅ አወራኋት፣ ስምሽን ግን አልጠራሁም። ለማዬ ደግሞ… ልነግራት ነበር። ይቅርታ።»

ጃለኔ ቆመች። ተቆጥታለች፤ ሃዋኒ እንደዚያ ስትቆጣ አይታት አታውቅም። «ብትነግሪያት ኖሮ ዛሬ እኔ የት ነበርኩ? ታውቂያለሽ?»

«አይሱዙው ላይ።»

«አይሱዙው ላይ» አለች ጃለኔ። ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፋቸው። ቁጣዋ ቀስ እያለ ሲበርድ ታየ። ከጃኬቷ ኪስ አንድ እፍኝ ቆሎ አወጣች። «ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አልበላሽም። እንኪ። ጥርሱን አትፍሪ፤ ሐኪሙ አይቶ ጤነኛ ነው ብሎ ይመልሰናል።»

«ካልመለሰንስ?»

«እኔ አጠገብሽ አለሁ፤ አላስነካውም።» ጃለኔ ወደ እሷ ዞረች። «ረቡዕ ለምን እንደሄድኩ ልንገርሽ። አሁን ማወቅ ይገባሻል።»

ሃዋኒ ለማወቅ ልትሞት ነው። ሆዷ፣ ጠርሙሱ፣ የተገለበጠው ስልክ፣ ሁሉም መልስ ሊያገኝ አንድ ጥያቄ ቀርቶታል። አፏን ከፈተች። ከዚያ የሲስተር ማኅሌት ድምፅ መጣባት፤ ብዙ ሰው መጥቷል፣ ማንም ግን አልመጣም። እፍኙን ሙሉ ቆሎ አፏ ውስጥ ከታ መቆርጠም ጀመረች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ምን አልሽኝ?» አለች በሞላ አፏ። «ቆሎው ሲጮህ አይሰማኝም።»

ጃለኔ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ሳቀች፣ ዓይኗንም በእጇ ጠረገች። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጥርስ ክፍሉ ደጅ አንዲት እናትና ጉንጫቸው ያበጠ ሽማግሌ ቀድመዋቸው ተቀምጠዋል። እነ ሃዋኒ ከጥጉ ተቀመጡ። ብዙ ሳይቆይ አንዲት ልጅ መጣች፤ ማስክ አድርጋለች፣ ሻርፗ ግንባሯ ላይ ወርዷል። ወንበሩ ጠርዝ ላይ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጠች።

የሃዋኒ ዓይን ከልማዱ የተነሣ ወደ ልጅቷ ጫማ መውረድ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ መለሰችውና ከማዶ ያለውን የባሕር ዛፍ ጫፍ አየች። ከዚያ ወደ ጃለኔ ጠጋ ብላ ለልጅቷ ቦታ ለቀቀችላት።

«የጥርስ ነው?» አለች ቀና ሳትል።

ልጅቷ አመነታች። «አዎ።»

«እኛም» አለች ሃዋኒ።